የከይረዲን መላ የተዘጋበት ሰሞን

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የሐዋርያት ጾም ገባ። ሙቀቱም አብሮ ገባ። ሁለቱ ተጠራርተው ነው የሚመጡት።

የልጅ ልጄ ፅዮናዊት ሳትቀምስ ወጣች። ጾመኛ ሆና አይደለም፣ አርፍዳ ነው። «ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይቀበሉልሽ» ብላት በሩን ገጭ አድርጋብኝ ሄደች። የዚህ ቤት በር ሲገጭ ቆርቆሮው ሁሉ ያጨበጭባል። ሚስቴ ውብነሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ባልዬው የባቡር ቡሎን ያጠብቃል፣ የቤቱን ግን እግዜር ያጥብቀው» ትል ነበር።

ረፋዱን ደጅ ተቀመጥኩ። ፋጤ ከደጃፋችን ሥር የምትሸጠውን ባጊያ ትጠብሳለች።

«ፋጤ፣ ዘይትሽ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ካንተ ያንሳል፣ አዎዌ።»

አዎዌ ትለኛለች፤ በሶማልኛ አያቴ ማለቷ ነው። የራሷ ልጆች አግብተው ወልደው! ቢሆንም በላሁላት። ባጊያ የአደንጓሬ ጥብስ ስለሆነ ለጾሙም ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ልጄ በእምነት ከአዲስ አበባ ደወለች። «አባዬ፣ ልጄን መቼ ነው የምትልክልኝ?» የፅዮናዊት የሥራ ሙከራ ጊዜ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ቋሚ ካደረጓት እዚህ እኔ ዘንድ ናት፤ ካላደረጓት እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ትምጣልሽ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሌላው አካላቴ ዝም ብሏል።

ድሮ በዚህ ሰፈር፣ ካርቲየ 1 ውስጥ፣ በአማርኛ የሚሰደብበት በረንዳ ስንት ነበር? ልቆጥር ጀምሬ ተውኩት...


ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ልጅቱ ፊቷ ጠቁሮ ገባች።

«ምነው፣ ኮንቴይነር ወደቀብሽ?»

«ቀዳዳ አገኘሁ አባባ።»

«ጣሪያው ላይ?»

«ፕሮግራሙ ላይ።»

የምትሠራው ትራንዚት ቤት ነው። የኢትዮጵያ ነጋዴ ዕቃ ከወደብ ሲወጣ እነሱ ተቀብለው ይልኩታል። እሷ ኮምፒውተሮቹን ትጠብቃለች። እንደገባኝ ልጻፈው፣ ነገ ስረሳው እንዳላፍር።

ድረ ገጻቸው ላይ አንዲት ሳጥን አለች። የመጋዘኑ ፕሪንተር አለ ወይስ ሞቷል ብለህ የምትጠይቅባት። የፕሪንተሩን አድራሻ ትጽፋለህ፤ ኮምፒውተሩ ሄዶ ያንኳኳና «አለ» ወይም «የለም» ይልሃል። ሥራዋ ይኸው ነው። ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው (አሁን ካናዳ ነው አሉ) ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን ሳይመረምር እንዳለ ለኮምፒውተሩ ያቀብለዋል። እንደ ትዕዛዝ። ስለዚህ ከአድራሻው ቀጥሎ አንዲት ምልክት አድርጎ ሌላ ትዕዛዝ የጨመረ ሰው፣ ያም ይፈጸምለታል። አጥፋ ካለው ያጠፋል። አምጣ ካለው ያመጣል።

«ለምሳሌ» አለች፣ «ፋጤ ዘንድ ሰው ላክህ። 'ገብረማርያም ባጊያ ስጪኝ ብሏል' በል አልከው። መንገድ ላይ አንዱ 'የገንዘብ ሳጥንሽንም ጨምሪ' የሚል ቀጠለበት። መልእክተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ አደረሰ። ፋጤ ሁሉም ያንተ ቃል መሰላትና ሰጠች።»

«ፋጤ? ሳጥኗን? ለመልአከ ሞትም አትሰጥ!»

«ኮምፒውተሩ ፋጤ አይደለማ አባባ። ችግሩ እሱ ነው።»

የባሰው ደግሞ፣ ሁሉም ያውቀዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ተኝቶ ይቀራል። የመጋዘኑ ኃላፊ ከይረዲን ያቺን ሳጥን ከፍቶ፣ ከአድራሻው በኋላ የመቀስቀሻ ትዕዛዝ ይጨምርና ያስነሳዋል። ካናዳ የሄደው ሰው ነው ሹክ ያለው። ከይረዲን ደግሞ ለሁሉም አስተማረ። ስም እንኳ አውጥተውላታል፣ «የከይረዲን መላ»። የይለፍ ቃል የላትም። ከቤቱ ሆኖ በስልኩ የሚከፍታት አለ። ከቻይናም የሚከፍታት አይጠፋም።

ከይረዲን የጓደኛዬ ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር አንድ ቡሎን ከሁለት ጎን ስናጠብቅ ነው ያረጀነው። ስለዚህ «ጎበዝ ልጅ ነው ከይረዲን» አልኩ።

ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩ ተገጨ። ቆርቆሮው አጨበጨበ።


ዓርብ፣ ሰኔ 6

ዓርብ ከተማው ያርፋል፤ ሥራ የሚጀመረው እሑድ ነው። ማዕከላዊ ገበያ ሎሚ ልገዛ ወጥቼ እግሬ ራሱ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ወሰደኝ። ሐዲዱ ዝጓል። ፍየሎች ፉርጎ ሥር ጥላ ይዘው ተኝተዋል። አንደኛዋ የጣቢያ ሹም ትመስላለች፣ ፊቷም ጠባይዋም።

ልጅቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስትል የእኛዋ ትዝ ብላኝ ነው መሰለኝ።

ወርክሾፓችን አንድ በር ነበረው፣ እሱም በወዲያ በኩል። በዚህ ፀሐይ ማን ይዞራል? አንዱ የአጥሩን ቆርቆሮ ጫፍ አጠፈና ቀዳዳ ሆነች። በእሷ ምሳ ይገባል፣ ጫት ይገባል፣ ወሬ ይገባል። ድሬዳዋ ለሚሄደው ባቡር የሚላክ ጥቅል ይገባል። ውብነሽም በእሷ ነው የገባችው። ማለቴ እጇ። ያኔ አንድ ፈረንሳዊ መኮንን ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ለወንድሟ ቡና ትልክ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ፊቷን አላየሁም።

«ይህቺ እጅ ባለቤት አላት?» አልኩ።

«አላት። በጥፊም ትናገራለች» አለ ቆርቆሮው ከወዲያ።

አገባኋታ! ምን ላድርግ?

ኋላ የፉርጎ መብራቶች ናስ እየጠፋ ሲያስቸግር ፎርማናችን ባንቴ ቀዳዳዋን ደፈነ። ከፈትናት። ደፈነ። ከፈትናት። በመጨረሻ ወፍራም ላሜራ አምጥቶ ዳር እስከ ዳር በየዳት። ሰላምታ ነፈግነው። እኔ ውብነሽን ወስጃለሁ፣ ምን ቀረብኝ? ግን እኔም ነፈግኩት።

ዛሬ ቦታውን ፈለግኩ። አጥሩ ራሱ የለም።


እሑድ፣ ሰኔ 8

ለአለቃዋ ነገረች። ሙሰዲቅ ይባላል። እኔ እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ ሙሰዲቅ» እለዋለሁ፣ ለምላስ ደስ ይላል።

«ትልቅ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ይመጣብኛል። እስኪፈርሙ ምንም እንዳትነኪ። የሚሠራ ነገር አይነካም» አላት።

«የሚሠራ አይደለም፣ ለሁሉም የሚታዘዝ ነው» አለችው። እኔን መምሰሏ ምላሷ ላይ ነው።

ወሬው መጋዘን ደረሰ። ምሳ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ የለም።

አመሻሽ ላይ ከይረዲን ከዋራበሌ ሰፈር በሚኒባስ ድረስ መጣ። ቆሞ ነው ያወራው፣ ቁጭ በል ስለው እምቢ አለ።

«አባባ ገብሬ፣ ልጅቱን ይምከሩልኝ። መብራት በሄደ ቁጥር መኪናው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሹፌር ሁሉ የሚሰድበው እኔን ነው። ያቺ መላ ናት የምታስከብረኝ።»

«እሷ ቀዳዳ ናት አለች።»

«አየር በቀዳዳ አይደል የሚገባው?»

አባቱ ነበር እንዲህ የሚመልሰው። ሳቅኩ። ልጅቱ ከውስጥ ስስቅ ሰማችኝ።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ከትናንት ወዲህ ልጅቱን «ባንቴ» እያልኩ እጠራታለሁ። እራት ላይ ጠየቀችኝ።

«ማነው ባንቴ?»

«ቀዳዳ ደፋኝ። ጡረታ ሲወጣ የሸኘው የለም።»

ሳቅ ጠብቄ ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔንም አይሸኙኝም» አለች።

ይህ ምላስ! ጥርሱ ሁሉ ረግፎ እሱ ብቻ ቀረ...


ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል። ተሳልሜ ወጣሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተንኮል የሚመጣብኝ ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነው።

ምሳዋን ረስታ ሄዳለች፣ ይዤላት ሄድኩ። ግቢያቸው ወደብ አጠገብ ነው፣ ቢሮና መጋዘን አንድ ላይ። ዘበኛው እንቅልፍ ላይ ነው፤ ልቀሰቅሰውም አልፈለግኩ። ከይረዲንን መጋዘን አገኘሁት።

«ልጅቱ ምሳ አትወጣም እንዴ?»

«እንግዶቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ሙሰዲቅ ቢሮ ናቸው። እሷም ከኮምፒውተሩ ላይ የሚያነሳት የለም።»

«ያቺ መላህ... ደብዳቤ ታትማለች?»

«ምን የማታደርገው አለ!»

ተያየን። የአባቱ ዓይን! የሹፌሩን ወንበር ግራሶ ልንቀባ ስንል እንዲህ ነበር የምንተያየው። እኔ አልኩ፣ እሱ በፈረንጅ ፊደል ጻፈ። በአክብሮት ነው የጻፍኩላት፣ ሹም ናት ብዬ፤ «ምሳ ሰዓት አልፏል። ሥራ ያቁሙና ይውጡ።»

ለእሷ ፕሪንተር ነበር የታሰበው። ከይረዲን የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቀምና «ለሁሉም» አለው። ሁሉም ማለት ደግሞ... ሁሉም። የመጋዘኑ ጮኸ። የሒሳብ ክፍሉ ጮኸ። ሙሰዲቅ ቢሮ ያለው፣ እንግዶቹ መሐል፣ ጮኸ። ሞጆ ያለው ቅርንጫፋቸውም አትሟል። እዚያ ያሉት ወረቀቱን አንብበው፣ ማን አዘዘ ሳይሉ፣ ተነስተው ምሳ ወጥተዋል! ዕድሜዬን ሙሉ ያዘዝኩት የሚፈጸም ቤት አልነበረኝም፤ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈጸመ።

ሙሰዲቅ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ከኋላው እንግዶቹ። ከእነሱ አንዱ፣ ሽበታሙ፣ ድምፁን ሳያነሳ «ይህን ያዘዘው ማነው?» አለ። እኔ የምሳ ዕቃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እስቃለሁ።

ከዚያ የፅዮናዊትን ፊት አየሁ።


ዓርብ፣ ሰኔ 13

አታናግረኝም። እንግዶቹ ሳይፈርሙ ተመልሰዋል። ሙሰዲቅ «እሑድ እንነጋገራለን፣ ሥራሽን እንግዲህ አስቢበት» ብሏታል። ይህንንም የነገረችው ለእናቷ ነው፣ በስልክ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሰማሁ።

በእምነት ተደስታለች። «እግዜር ሲፈቅድ እንዲህ ነው አባዬ!» አለችኝ። እግዜር አይደለም፣ እኔ ነኝ... አላልኳትም።

ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ትቢያ ነበረበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ በሩ አጠገብ አቆመችው።

ባቡሩ ሲቆም ጎረቤት ሁሉ ሻንጣ ይዞ ነው የወጣው። በእምነትም ከዚሁ ክፍል በሻንጣ ወጣች። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለች። ሁሉም እንዲያ ይላል። ከዚህ ሰፈር የወጣ ሻንጣ ተመልሶ ሲገባ አላየሁም።

ፋጤ ዛሬ በዘይቷ አልቀለድኩም ብላ «ታመምክ አዎዌ?» አለችኝ።


እሑድ፣ ሰኔ 15

ቀድሜያት ወጣሁ። ከረቫቴን አሰርኩ። ዘበኛው ነቅቶ «ደህና አደሩ አባባ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ፤ ማን ነህ አላለኝም። ሙሰዲቅ ቢሮ ስገባ ፅዮናዊት ከኋላዬ ደረሰች።

«ሙሴ ሙሰዲቅ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ አታውቅም።»

«አባባ፣ እርስዎ ኮምፒውተር ያውቃሉ?»

«መብራቱ ሲበራ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ማን አሳየዎት?»

የጓደኛዬን ልጅ አሳልፌ ልሰጥ ነው? በሩ ላይ ግን «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ከይረዲን። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

ሙሰዲቅ አፉን ሲከፍት ፅዮናዊት ቀደመችው።

«ማን አሳየው አይደለም ጥያቄው» አለች። «አያቴ በስልክ መልእክት መላክ አያውቅም። 'እሺ' ለማለት ደውሎ ነው የሚነግረኝ። ለእሱ የተከፈተ ለማን ይዘጋል? እሱ ምሳ ውጡ ብሎ አዘዘ። ሌላው የደንበኞቹን ሰነድ ሁሉ ላክልኝ ይላል፤ ሌላው ሁሉንም ደምስስ ይላል። ኮምፒውተሩ ለሦስቱም እሺ ነው መልሱ።»

ሙሰዲቅን እንግዶቹ ሲወጡ «ቤትህ ውስጥ ማን እንደሚያዝ ስታውቅ ጥራን» ብለውት ነው የሄዱት ለካ።

«ዝጊው» አላት። «ግን ስሚኝ። መጋዘኑ አንድ ጠዋት ቢቆም፣ ያንቺም ሥራ አብሮ ይቆማል።»

ወጣን። ግቢው መሐል ስንደርስ «ከረቫትህ ተገልብጧል» አለችኝ። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ሻንጣው ግን አሁንም በሩ አጠገብ ቆሟል።


ረቡዕ፣ ሰኔ 18

መጀመሪያ ያደረገችው ያን ገጽ ከውጭ ዓለም መቁረጥ ነው። ከግቢው ውጪ አይከፈትም፤ ግቢ ውስጥም የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሳጥኗን ራሷን ግን ገና አልነካችም። ብትነካት መጋዘኑ ይቆማል።

ስለዚህ መጋዘን ወርዳ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ከይረዲን አያናግራትም። ወንዶቹም። ምድጃ ላይ የተጣደች ድንች ሆና ዋለች።

አመሻሽ ላይ ከሁለቱም ሰማሁት፣ ከየአፋቸው። እሱ ለእኔ በስልክ፦ «ቀኑን ሙሉ አፍጥጣብኝ ዋለች፣ አባባ ገብሬ፣ እንደ ፖሊስ!» እሷ ደግሞ፦ «መላዬ ተአምር ትሠራለች ይላል። መብራት ሲመላለስ ቁጭ ብዬ አየሁት። የሚሠራባት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ፕሪንተሩን ይቀሰቅሳል፣ የተቀረቀረውን ሥራ ይሰርዛል፣ እምቢ ሲለው ወደ ሌላ ፕሪንተር ያዞራል።»

«እና?»

«እናማ ሳጥኗ ትጠፋለች። መጻፊያ የለም። ሦስት ቁልፍ ብቻ። ከቁልፉ ጀርባ ያለውን ትዕዛዝ እኔ አንዴ ጽፌ አስቀምጠዋለሁ፣ ማንም አይቀጥልበትም።»

«ያቺን ምልክት ብቻ ለምን አትከለክይም? ድካም ትቀንሻለሽ።»

«አንዷን ስከለክል ሌላ ያገኛሉ። የሚከለከለው አያልቅም አባባ። የሚፈቀደው ግን ያልቃል። እሱን ነው የምጽፈው።»

ሌላም አለች። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ የሚሠራው በጌታ ሥልጣን ነበር፣ የኮምፒውተሩን ሁሉ ቁልፍ ይዞ። ከእንግዲህ በሎሌ ሥልጣን ይሠራል። ቢያታልሉት እንኳ የሚሰጠው የለውም።

ውብነሽ መኮንኑ ቤት የጓዳ ቁልፍ ነበራት፣ የካዝናው አልነበራትም። «እንዲያውም ደስ ይለኛል» ትል ነበር፣ «ዕቃ ቢጠፋ እኔን አይጠይቁኝ።» ይህን ለልጅቱ ነገርኳት። አያቷን በደንብ አታስታውሳትም፣ ገና ሕፃን ነበረች። «እሷ ትገባኛለች» አለች። ሳህኗን ጨረሰች። ከሰሞኑ የመጀመሪያዋ ነው።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ጠዋት «አባባ፣ ተንኮልህን ይዘህ ና» አለችኝ። ሙሰዲቅ ራሱ ነው ያስጠራኝ። የሚሰበር ከሆነ በዚህ ሽማግሌ ይሰበር ብሎ።

ሦስቱ ቁልፎች ላይ የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። አገላብጬ አየኋቸው፣ ምንም። ደንበኞች የኮንቴይነራቸውን ቁጥር የሚጽፉበት ሌላ ቦታ ግን አለ፣ እዚያ ላይ ለቀቀችኝ። እሱም እንደ መላዋ ክፍት ነበር አሉ፤ ስትፈትሽ አግኝታ አስተካክላዋለች። ቁጥር ጻፍኩ፣ ያቺን ምልክት አደረግኩ፣ «ምሳ ውጡ» ብዬ ጨመርኩ። «ይህ የኮንቴይነር ቁጥር አይደለም» አለኝ። ለመንኩት። «ይህ የኮንቴይነር ቁጥር አይደለም።» ሰደብኩት። ያንኑ።

«ደንቆሮ አደረግሽው!»

«ጨዋ ነው ያደረግኩት። የሚነገረውን ይሰማል፣ ግን አይታዘዝም።»

ሙሰዲቅም ሞከረ። የራሱን ስም ጻፈ፤ የኮንቴይነር ቁጥር አይደለህም አለው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው።

እንዲህ እያልን መብራት ሄደ። የእውነት። መጣ። ደጅ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ሹፌሮቹ ክላክስ ያዙ። ሁላችንም ወደ መጋዘን ወረድን። ፅዮናዊት ገርጥታለች። ከይረዲን ላቡን በክንዱ ጠረገና የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ... ምንም። ሙሰዲቅ እሷን አየ። እሷ ፕሪንተሩን ታያለች። እኔ ስንት ቅዱስ እንደጠራሁ አላውቅም፣ ከባቡር ጣቢያዎች ስም ጋር ሳልቀላቅል አልቀርም።

ከዚያ ፕሪንተሩ ተንጠራራ። ጉር... አለና ወረቀት ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው መኪና ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ።

«መላዬ ትሻል ነበር» አለ ከይረዲን። ቆይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግን ይቺ ጣት አታደክምም» አላት።


ዓርብ፣ ሰኔ 27

ትናንት የመጋዘኑ ልጆች ምሳ አብራቸው እንድትበላ ጠሯት። አንዱ ወንበር ጠርጎ ሰጣት ብላ ነገረችኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የምታወራው፣ ግን ሁለት ጊዜ አወራችው።

በድሮው ጣቢያ በኩል አለፍኩ። ነፋሱ ይጋረፋል፣ አሸዋው ዓይን ያወጣል። ያ ሁሉ ጫጫታ የት ሄደ? የመዶሻው፣ የፊሽካው፣ በአምስት ቋንቋ የሚሰደበው ስድብ... የከይረዲን አባት በአፋርኛ ሲምል፣ ግሪኩ መሐንዲስ በአማርኛ ሲራገም።

ያቺን ቀዳዳ ስንት ዓመት ሙሉ ናፍቄያት ኖርኩ። ዛሬ እዚያ ቆሜ ሳስበው፣ ቀዳዳዋን አይደለም ለካ የናፈቅኩት። በቀዳዳዋ የምትገባውን እጅ ነው።

ጠንከር ያለ ነፋስ መጣና ቆቤን ወሰደው። ፍየሏ ረገጠችልኝ።


እሑድ፣ ሐምሌ 6

ትናንት ጾሙ ተፈታ፣ ዛሬ ደግሞ ይህ!

ሽበታሙ እንግዳ ተመልሶ መጣ። ፅዮናዊት አስቀምጣ ሁሉን አሳየችው፤ ምን እንደነበረ ሳትደብቅ፣ ምን እንዳደረገች ሳታጋንን። እሱም ሞከረ፣ ኮምፒውተሩም እሱን የኮንቴይነር ቁጥር አይደለህም አለው። ፈረመ። ሙሰዲቅ ልጅቱን ቋሚ አደረጋት፤ የሞጆውንም ከዚሁ ሆና እንድትጠብቅ።

ከዚሁ ሆና። ሁለቴ አስደገምኳት። «አልሰማሁሽም» አልኩ። ሰምቻለሁ።

በእምነት በስልክ አለቀሰች። እንድታለቅስ ተውኳት። ልጅ ናፍቋት ነው፣ ይገባኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው ነው የናፈቀኝ። «ለገና ራስሽ ነይ» አልኳት። «አልጋ አለ?» አለች። አልጋ አለ!

ሻንጣውን ፋጤ ወሰደችው። ሽንኩርት ትይዝበታለች።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዛሬ ከይረዲንን ላጫውተው ብዬ መሥሪያ ቤታቸው ሄድኩ። እንደ ልማዴ ቀጥ ብዬ ልገባ ስል ዘበኛው ተነሳ። ዓይኑ ቁልጭ ብሏል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለበትም።

«ማንን ፈልገው ነው አባባ?»

«አታውቀኝም? ባለፈው የከፈትክልኝ እኮ ነህ!»

«አውቅዎታለሁ። ግን ከውስጥ ሰው መጥቶ ካልተቀበለዎት እንግዳ አይገባም። አዲስ ትዕዛዝ ነው።»

«የሙሰዲቅ?»

«የማዳም ፅዮናዊት።»

«ልጄ ናት እኮ!»

«እሷም እንዲህ እንደሚሉኝ ነግራኛለች።»

ለመንኩት። ቀለድኩበት። ባጊያ ላምጣልህ አልኩት። ምንም! ጨዋ ነው፣ ይሰማል፣ አይታዘዝም። ዞሬ ተመለስኩ። በዚያ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ መንገድ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ገበያው ጋ ስደርስ ሳቅ መጣብኝ። ቤት ስደርስ አፌን መግጠም አቅቶኝ ነበር።

«ምን ያስቅሃል አዎዌ?» አለች ፋጤ።

«የልጅ ልጄ በር ዘጋችብኝ።»

«ዋይ! ይሄ ያስቃል?»

ምን ብዬ ላስረዳት? ባጊያዬን ይዤ ገባሁ።

ማታ ስትመጣ እጣላታለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ከአሁኑ እያሰብኩ ነው።